የሀንጋሩ አንጋፋዎች በወሎ፦ የጉዞ ማስታወሻ

አብራሪዎችን ሕዝብ በስም ያውቃቸዋል። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ መሆናቸውን የሰማ ሰው ብዙ ነው፤ እርሳቸው ያበረሩትን ዳኮታ የተባለ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ጎህ ሳይቀድ የፈተሸው፣ ዘይቱን የለካው፣ በመዝገቡም ላይ «ለበረራ ብቁ ነው» ብሎ የፈረመው ማን እንደ ነበረ ግን የሚነግረን የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ካደረገ ጀምሮ እያንዳንዱ አውሮፕላን የተነሣው በእንዲህ ያለ ፊርማ ነው። ከፈራሚዎቹ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ያሉትም ጡረታ ወጥተው በየአገራቸው ተቀምጠዋል። እኔም በዚያው አየር መንገድ ሀንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ ውስጥ የሠራሁ ቴክኒሻን ስለሆንኩ፣ ከእኔ በፊት የነበሩት ሰዎች ድምፅ ሳይቀዳ እንዳይቀር በማሰብ ወደ ወሎ ተጓዝኩ። ያነጋገርኳቸው ሰዎች ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ በሙያቸው እጠራቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተነሣው ሚኒባስ ታሪፉ 350 ብር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ጣት ያደነዝዝ ስለ ነበር ከሻይ ሌላ ምንም ያሰኘው ሰው አልነበረም። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ያስቆፈሩትን የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭጋጉ መንገዱን ውጦት ስለ ነበር ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ወረደ፤ ደብረ ሲና ደርሰን የከተማዋን ታዋቂ ቆሎ በ10 ብር ገዝተን እየቆረጠምን ወደ ቆላው ወረድን።

ሸዋ ሮቢትን ካለፍን በኋላ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ ክሪኩን አስገብቶ ትርፉን ጎማ ከገጠመ በኋላ ዳዶዎቹን ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተከተለ ማጥበቅ ጀመረ። በእኛ ሥራ እንዲህ አይጠበቅም፤ አንዱ ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው ይያዛል፣ ከዚያም በየተራ እየተሻገሩ ቀስ በቀስ ያጠብቁታል፤ አለዚያ ጎማው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ይቀመጥና መንገድ ላይ ይላላል። ይህንኑ ስነግረው ልጁ ሳይቀየም ሁሉንም አላልቶ እንደገና በመስቀለኛ አጠበቀ። ሾፌሩም ወርዶ አየና «ከየት ተማርከው?» ብሎ ጠየቀኝ። የጉዞዬን ምክንያት ነገርኩትና እስከ ከሚሴ ድረስ ስለ አውሮፕላን ጎማ ስናወራ ሄድን። ኮምቦልቻ የደረስነው አመሻሹ ላይ ነበር። ያደርኩበት ክፍል 300 ብር ሲሆን ንጹሕና ሞቅ ያለ ነበር፤ ከቦሌ ብርድ ለመጣ ሰው የኮምቦልቻ ምሽት ያለ ጋቢ ደጅ ያስቀምጣል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ኮምቦልቻ

የሞተር ክፍሉ አንጋፋ ቤት የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ በቀኛቸው በኩል እንድቀመጥ ባለቤታቸው በእጃቸው አመለከቱኝ። በእርሳቸው ዘመን ጆሮ መሸፈኛ እንደ ዛሬው በየሠራተኛው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ዕቃ ስላልነበረ፣ ሞተር ሲሞከር አጠገቡ የቆመ ሁሉ ከመስማት ችሎታው ላይ እየቀነሰ ይሰጥ ነበር።

ሥራ የጀመሩት በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አየር መንገዱ ቦይንግ 720ቢ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን ጄቶች ተረክቦ ነበር፤ የድሮው የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የልደታው ሜዳ፣ ጄት የማይሸከም ስለ ነበር ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። «እኔ ግን ጄት እስክነካ ድረስ ብዙ ቆየሁ። ያሳደገኝ ዳኮታ ነው» አሉኝ። የዳኮታው ሞተር አሥራ አራት ሲሊንደሮች በሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ሰባት ሰባት ሆነው በክብ የተደረደሩበት ነው። ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ቀስ እያለ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ዘይት እንደ አየር አይጨመቅም፤ ስለዚህ ጠዋት ሳይፈተሽ በሞተር አስነሺው ከተገፋ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ይጣመማል ወይም ሲሊንደሩ ይሰነጠቃል። ይህ እንዳይሆን ሜካኒኩ ማለዳ መጥቶ ፕሮፔለሩን በእጁ፣ ቅጠል በቅጠል እየቆጠረ ያዞረዋል። እንቢ ካለው በጉልበት አይገፋም፤ የታችኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትቶ ዘይቱን ያፈስሳል፣ ካንዴላውን መልሶ ያስራል፣ ከዚያም እንደገና ይቆጥራል።

ይህን ሲነግሩኝ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ እግራቸውን ከፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ሰቅለው የሌለውን ፕሮፔለር ወደ ታች ሳቡት፤ ሲጨርሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላና ወደ ጎን አሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «ሞተር አይታመንማ! ሳታስበው ሊነሣ ይችላል። ገፍተህ እዚያው አትቆምም፣ ትወጣለህ» አሉኝ። የመጨረሻውን ፕሮፔለር በእጃቸው ካዞሩ ስንት ዘመን አልፏል፤ እግራቸው ግን አልረሳም።

ምሳ የማሽላ እንጀራ በቀይ ወጥ ቀረበ፣ ከጎኑም እርጎ ነበረ። አዲስ አበባ ላሉ ሰዎች የማሽላ እንጀራ ጤፍ ሲወደድ የሚበላ ይመስላቸዋል፤ እዚህ ትኩሱን ከምጣድ ሲያወጡት ጤፍን የሚያስንቅ ነው።

ከቡና በኋላ ስለ ላሊበላ አጫወቱኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ዳኮታ ላሊበላ ላይ ሲሊንደሩ ተሰንጥቆ ቀረ። አውሮፕላን ተበላሽቶ መብረር ሲሳነው እኛ «ኤኦጂ» እንለዋለን፤ ቃሉ በሬዲዮ ከመጣ ሰው ከአልጋው ይቀሰቀሳል። እርሳቸውና አንድ ጓደኛቸው አዲስ ሲሊንደር፣ የመፍቻ ሣጥንና ብርድ ልብስ ይዘው በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን ወረዱ። ሜዳው ሣርና አፈር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው አውሮፕላን ስለማያሳርፍ ይዘጋ ነበር። የተሰነጠቀው ሲሊንደር ከኋለኛው ረድፍ ስለ ነበር ለመድረስ ብዙ ነገር መፈታት ነበረበት፤ መቆሚያ ስላልነበረ የአካባቢው ሰዎች እንጨት አምጥተው ቆጥ አሠሩላቸው። «ሁለት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን አስነሥተን ፈረምኩ፤ ከፈረምኩ በኋላም እዚያው አውሮፕላን ላይ ተሳፍሬ ቦሌ ገባሁ። እንዲህ ነው የሚፈረም» አሉኝ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ ስለ ወደቀው የበረራ ቁጥር 302 ሳነሣባቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በዚያ ቀን 157 ሰዎች ሞተዋል። ከአነፍናፊ መሣሪያዎቹ አንዱ የተሳሳተ ልኬት ሰጥቶ፣ አዲሱ አውቶማቲክ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንደ ደፈቀው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ሲያስረዳ እርሳቸው በሬዲዮ ተከታትለዋል፤ ሆኖም ወሬው በተሰማበት እሑድ መጀመሪያ ያሰቡት ስለ አንድ ሰው ነበር። «ያን ማለዳ የፈረመው ልጅ ትዝ አለኝ። ጥፋት እንደሌለበት እስኪታወቅ ድረስ እንዴት አድርጎ ይተኛል አልኩ። ለሟቾቹም ለእርሱም ጸለይኩ» አሉኝ። ስለዚያ አደጋ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ይህን ያሰበ ሰው ሲገጥመኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20። ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ መንገዱ አጭር ቢሆንም የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ስለሆነ የጭነት መኪና ከፊት ከገባ ጉዞው ይረዝማል። በ15 ብር የተሳፈርኩበት ታክሲ ሦስት ከባድ መኪኖችን ተከትሎ እየተነፈሰ ወጣ። ዳገቱ ሲያልቅ ሙቀቱ አብሮ አለቀ፤ ጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ጠበቀን።

የላሜራ ሥራ ክፍሉ ሰው ቤታቸው ሸዋ በር ነው። ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ባለቤታቸው ከእኔ በፊት አስበውበት ኖሮ፣ የእስላም ቤት ሆኖ ሳለ ለእኔ ብቻ ሽሮና ስልጆ ለብቻው በአዲስ ድስት ተሠርቶ ነበር። «አብሽር፣ ቅቤ ያልነካው ነው» አሉኝ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንደ ውለታ አይቆጠርም፤ እኔ ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም።

የእርሳቸው ሥራ ሪቬት ነበር። የአውሮፕላን ቆዳ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ሪቬቶች ነው። እያንዳንዱን ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከውጭ በአየር መዶሻ ይመታል፣ ሌላው ከውስጥ ብረት ደግፎ ይይዛል። ከውስጥ ያለው ሰው ክንፍ ውስጥ ወይም ጅራት ውስጥ ተጣጥፎ የገባ ስለሆነ አይታይም፣ በጩኸቱም ብዛት አይሰማም። ስለዚህ የሚነጋገሩት በማንኳኳት ነው፤ አንድ ጊዜ ካንኳኳ «ጨምር»፣ ሁለት ጊዜ ካንኳኳ «በቃ፣ ተስተካክሏል»፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ «ተበላሽቷል፣ ይውጣ» ማለት ነው። አጣማሪያቸው የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ብዙ ዘመን አብረው ሠርተዋል። «ፊቱን ካየሁት ይልቅ ያንኳኳልኝ ይበዛል። ሦስት ጊዜ ለማንኳኳት አያፍርም ነበር፤ የእርሱን ታማኝነት የማውቀው በዚያ ነው» አሉኝ። እኚያ ሰው ሲሞቱ ከደሴ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደው ቀብረዋቸዋል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ አየር መንገዱ «እሸት» በሚል ስም የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖችን ቦሌ ላይ ይገጣጥም ነበር። አግካት ከሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ክንፋቸው ከላይና ከታች ድርብ ነው። እርሳቸው በዚያ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ከሠሩት ሁሉ በላይም የሚኮሩበት ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ሌሎች ሠርተውት እርሳቸው ጠግነዋል፣ ይህን ግን ከላሜራው ጀምሮ በእጃቸው ቆሞ አዩት። ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር የአንበጣ መንጋ ወሎን ሲወር በቴሌቪዥን መርጫ አውሮፕላን ባዩ ቁጥር እየተነሡ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይሉ እንደ ነበር ልጃቸው ነገረችኝ።

ስለ 1976 እና 1977 ዓ.ም. ሲያወሩ ድምፃቸው ተለወጠ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ሲገባ ሀንጋሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀብሎታል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን በዚያው ሜዳ ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ የተባሉ የጭነት አውሮፕላኖች ለረሃቡ እህል እየጫኑ ወደ ሰሜን ይነሡ ጀመር። እናታቸው አምባሰል ነበሩ። «ቀን ቀን የዓለምን አዲስ አውሮፕላን እፈትሻለሁ፣ ማታ ማታ እናቴ በልታለች ወይ እላለሁ። ደመወዜን ሰው ሲገኝ እልክ ነበር። ሄርኩለሱ ሲነሣ ጭነቱ ለእናቴ እንዲደርስ ዱዓ አደርግ ነበር» አሉ። እናታቸው ከዚያ ዓመት ረሃብ ተርፈዋል፤ ሁለት እህቶቻቸው ግን አልተረፉም። ይህን ሲናገሩ መቅጃዬን ዘጋሁት፤ እርሳቸው ግን «ክፈተው፣ ይመዝገብ» ብለው አስከፈቱኝ።

ዓርብ፣ ጥር 22። ሐይቅ

ሐሙስን ደሴ ላይ አሳልፌ ዓርብ ጠዋት ወደ ሐይቅ ከተማ ሄድኩ። የጎበኘኋቸው ሴት ከሰባ በላይ ናቸው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ» ስለሚሏቸው እኔም እንዲሁ አልኳቸው። በአየር መንገዱ ውስጥ አውሮፕላን ይሰፉ ነበር። ይህን ለሰው ስነግር የሚያምነኝ ጥቂት ስለሆነ ላስረዳ። የዳኮታ አካል ብረት ቢሆንም፣ የሚያዘነብሉትና የሚያዞሩት ክፍሎች፣ ማለትም የክንፉ ጫፍ መቅዘፊያዎችና የጅራቱ መሪዎች፣ የአሉሚኒየም አጥንት ላይ በተወጠረ ጨርቅ የተሸፈኑ ነበሩ። ጨርቁ ሲያረጅ ይገፈፋል፣ አዲስ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ በአጥንቱ ላይ ይለብሳል፣ ከዚያም ሰም በተቀባ ክር ከእያንዳንዱ አጥንት ጋር ይጠለፋል። መርፌው ረጅም ነው፤ አንዷ ከዚህ ስትወጋ ሌላዋ ከዚያ ተቀብላ ትመልሳለች፣ በየእርምጃውም ቋጠሮ ይጣላል። አንዱ ቋጠሮ ቢፈታ ሌላው እንዳይከተለው እያንዳንዱ ለብቻው የሚቆም መሆን አለበት።

ስፌቱ ሲያልቅ «ዶፕ» የሚባል ፈሳሽ ይቀባል። ሲደርቅ ጨርቁን እየሳበ ይወጥረዋል፤ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። በላዩም ፀሐይ እንዳያበላሸው የአሉሚኒየም ዱቄት የተቀላቀለበት ቅብ ይደረጋል። ሽታው ራስ የሚያዞር፣ እሳትም ፈጥኖ የሚይዝ ስለ ነበር በዚያ ክፍል ክብሪት ይዞ መግባት ክልክል ነበር። «ልጄን አርግዤ ሳለሁ ሽታው ስላስቸገረኝ ጓደኞቼ የቅቡን ሥራ ተቀብለውኝ ስፌቱን ብቻ ሠራሁ» አሉኝ። ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ ሴቶቹ ራሳቸው ተስማምተው ያደረጉት ነው።

እትዬ ከጓዳ አንድ የደረበ ነጠላ አምጥተው ጥልፉን አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ያለው ቋጠሮ ያው የአውሮፕላኑ ቋጠሮ ነው። ቀስ ብለው አንዱን ቋጠሩልኝ፤ ክሩን አዙረው፣ በራሱ ሥር አሳልፈው፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን ብለው ሳቡት። እንድሞክር ሰጡኝ። የእኔን አገላብጠው አዩና በመቀስ ቆርጠው ጣሉት፤ «ኢንስፔክተር ቢያይህ አያሳልፍህም» ብለው እንደገና አስጀመሩኝ። በአራተኛው አለፍኩ።

ምሳ ምስር ወጥና ጎመን ነበር። ዓርብ ባይሆን የሐይቁን ዓሣ ያቀርቡልኝ እንደ ነበር ደጋግመው እየነገሩ ተቆጩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23። በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ላሊበላ

መርሳ ላይ ብርቱካንና ፓፓያ ገዛሁ፤ አዲስ አበባ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ አይሞላም ነበር፣ ጣዕሙም አይገናኝም። ወልድያ ላይ ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ ረጅም ሰዓት ጠበቅን። ከጋሸና ወዲያ ያለው መንገድ አቧራው በመስኮት ገብቶ ልብሳችንን አንድ ዓይነት ቀለም አለበሰው። ላሊበላ ስደርስ መሽቶ ስለ ነበር የተጠየቅሁትን 400 ብር ሳልከራከር ከፍዬ ተኛሁ።

እሑድ፣ ጥር 24። ላሊበላ

ከቅዳሴ በኋላ፣ በልጅነታቸው የድሮው ሜዳ አጠገብ ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ አባት እንዳሉ ተነግሮኝ ቤታቸው ሄድኩ። ጠላ ቀዱልኝ። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከሜዳው ላይ ከብቱን ማባረር የእርሳቸውና የእኩዮቻቸው ሥራ ነበር፤ ድምፁን ከሰሙ በኋላ ለመሮጥ የሚበቃ ጊዜ እንደ ነበራቸው ነገሩኝ። አንድ አውሮፕላን ተበላሽቶ ቀርቶ ያውቅ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ወዲያው አስታወሱት።

«ለቆጡ እንጨቱን ያመጣው አባቴ ነው። ሁለት ልጆች መጡ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ነበር። ክንፉ ሥር ነው ያደሩት፤ ቤት ግቡ ቢሏቸው አውሮፕላኑን ትተን አንሄድም አሉ። እናቴ እርጎና ዳቦ በእኔ ትልክላቸው ነበር። አራት ቀን ተመላለስኩ።»

«ሁለት ቀን ነው የፈጀው ብለውኛል» አልኳቸው።

«ማን ነው ያለህ?»

«ራሳቸው ሠሪው። በሕይወት አሉ፣ ኮምቦልቻ ናቸው።»

ወዲያው ኮምቦልቻ ደወልኩ፤ ባለቤታቸው አንሥተው ወደ ቀኝ ጆሯቸው አስጠጉላቸው። ስልኩን ለአባት ሰጠኋቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መጀመሪያ የጤና ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ቀጥሎም ስለ እርጎው አመሰጋገኑ፣ ስለ ሟች እናትም ነፍስ ይማር ተባባሉ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። አባት አውሮፕላኑ የቆመው በገበያው ቀን በቅዳሜ እንደሆነና ረቡዕ እንደ ተነሣ፣ ረቡዕ መሆኑንም ጾም ስለ ነበር እናታቸው እርጎውን ትተው ቆሎ እንደ ላኩ አስረዱ። ከወዲያ በኩል ያለው ድምፅ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን መሆኑን ይናገራል። አባት «እርስዎ ሞተሩን ነበር የሚያዩት፣ እኔ ፀሐይዋን ነበር የምቆጥር» አሏቸው። አልተስማሙም። ስልኩ ወደ እኔ ሲመለስ የሞተሩ ሰው ሰላምታውን አሳጥረው ትእዛዝ ሰጡኝ፤ ቦሌ እንደ ገባሁ ወደ መዝገብ ክፍል ሄጄ፣ የዚያን አውሮፕላን የጥገና መዝገብ ካለ አስወጥቼ፣ የፈረሙበትን ቀን አይቼ ለሁለቱም እንድደውልላቸው።